ከአያያዝ ይቀደዳል፦ የጠፍጣፋ ነገር የመንገድ ታሪክ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። የተረቱን የመጀመሪያ ግማሽ በየሸንጎውና በየክርክሩ ሲጠቀስ እንሰማለን። ሁለተኛውን ግማሽ ግን ነገሬ ብሎ የያዘው ሰው ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ የተዘነጋውን ግማሽ ነው። ቀጭን፣ ጠፍጣፋና በቀላሉ የሚጎዳ ነገር፣ ፎቶግራፍም ይሁን የምስክር ወረቀት፣ ቴምብርም ይሁን የብራና ቅጠል፣ ሩቅ መንገድ ተጉዞ ሳይታጠፍና ሳይቀደድ እንዲደርስ ሰዎች በየዘመናቸው ምን ዘዴ ሲፈጥሩ ኖሩ? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

«ይኼም ታሪክ ሆኖ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ታሪክ ማለት የጦርነትና የዘውድ ነገር ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው የካርቶንና የፖስታ ነገር ተራ ወሬ ይሆንበታል። ግን እስቲ እናስበው። የታሪክ ተማሪ በእጁ ይዞ የሚያነበው ሰነድ ሁሉ እኮ በደኅና የደረሰ ሰነድ ነው። በመንገድ የቀረውን፣ ዝናብ የበላውን፣ ተጣጥፎ መካከሉ የተበጣጠሰውን ማንም አያነበውም። እንግዲህ ጸሐፊው ያለ አሻጊው ምን ይፈይዳል?

ነገሩን ከሥሩ ስናየው ሁለት ቁም ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ ጠፍጣፋ ነገር ብቻውን አይድንም፤ ከጎኑ ሆኖ መታጠፉንና መመታቱን የሚቀበልለት ሌላ አካል ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ያ ሌላ አካል ክብደት አለው፣ ክብደት ደግሞ ዋጋ አለው። «ዋጋውን ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ ከጥንት እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀት ከመፈጠሩ በፊት እንጀምር። በዛሬይቱ ቱርክ፣ በካይሴሪ ከተማ አጠገብ ኩልቴፔ የሚባል ጉብታ አለ፤ የጥንት ስሙ ካኔሽ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የአሦር ነጋዴዎች ከትግሪስ ወንዝ ዳር ተነሥተው፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በአህያ ተጉዘው እዚያ ይነግዱ ነበር። ደብዳቤያቸውን የሚጽፉት በመዳፍ በምትያዝ የጭቃ ሰሌዳ ላይ ነው። ከቦታው ከ20,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ታዲያ ነጋዴው ጽፎ እንደጨረሰ ሰሌዳዋን እንዲሁ ለአህያ ነጂ አይሰጣትም፤ በሌላ ስስ ጭቃ ይጠቀልላታል፣ በላዩ የተቀባዩን ስም ይጽፋል፣ ማኅተሙን ያንከባልልበታል። ተቀባዩ ደብዳቤውን ሊያነብ ሲፈልግ ያን የጭቃ ልብስ ሰብሮ ይጥላል። የዓለም ጥንታዊ ፖስታ ይኼ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልብሱ የተሠራው ሊሰበር መሆኑን ልብ እንበል፤ የእሱ መሰበር ነው የውስጡን ያዳነው።

ከዚያ ወደ ሮማውያን ዘመን እንለፍ። በሰሜን እንግሊዝ፣ ቪንዶላንዳ በተባለ የሮማ ጦር ሰፈር፣ ከ1973 ጀምሮ በ100 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ገደማ የተጻፉ የእንጨት ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። ውፍረታቸው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ወታደሩ በቀለም ከጻፈ በኋላ ስሷን እንጨት መሐል ለመሐል አጥፎ፣ ጽሕፈቱን ወደ ውስጥ ፊት ለፊት አድርጎ፣ አድራሻውን በውጭ በኩል ያሰፍራል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ትምህርት አለ፤ የተጻፈበት ፊት ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ውጭ። ዛሬም ሁለት ፎቶግራፎች አብረው ሲላኩ አሻጊው የሚጠነቀቀው ፊታቸው ለውጭ ዓለም እንዳይጋለጥ ነው።

በጣም የሚያስደንቀው ምሳሌ ግን ከላይኛው ግብፅ የመጣው ነው። በ1945 በናግ ሐማዲ አካባቢ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ 13 የፓፒረስ ጥራዞች ተገኙ። ጠራዡ የቆዳውን ልባስ እንዲጠነክር ያደረገው ከውስጡ አሮጌ ፓፒረስ በመለጠፍ ነበር፤ የተጣለ ደብዳቤ፣ ያረጀ ደረሰኝ፣ ያለቀለት ውል። የዘመኑ ካርቶን ማለት ነው። ሊቃውንት ቆይተው ያን ቁርጥራጭ ሲፈቱት የቀን ምልክት ያለባቸው ወረቀቶች አገኙበት፤ ጥራዞቹ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በፊት ሊጠረዙ እንደማይችሉም ከዚያ ተረዱ። ለማጠንከሪያ የተወሸቀው ቆሻሻ ወረቀት፣ የከበረውን መጽሐፍ ዕድሜ ተናገረ! «ይኼም ታሪክ ሆኖ ነው?» ላለን ሰው መልሳችን እዚህ ላይ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ሁሉ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት እንጨቶች ያውቃቸዋል፤ ገበታ ይባላሉ። ብዙ ጊዜ ከዋንዛ ይጠረባሉ። ብዙዎቻችን ገበታውን ለጌጥ የተደረገ አድርገን እናየዋለን፤ በተለይ በድጉስ ቆዳ ሲለበጥ ውበቱ ዐይን ይይዛል። ሥራው ግን ሌላ ነው። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ይጨማደዳል፣ ሲደርቅ ይጠቀለላል። ሁለቱ ገበታዎች ግራና ቀኝ ሆነው ቅጠሉን ጸጥ ያሰኙታል። ከዚያም መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ይገባል፣ በማንገቻው ትከሻ ላይ ይውላል፤ ካህኑ ወንዝ ተሻግሮ፣ መነኩሴው እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ ይዞት ይሄዳል። በየገዳሙ መካከሉ ተሰንጥቆ በክር የተሰፋ ገበታ ማየት የተለመደ ነው። ያ ስንጥቅ ምን ይነግረናል? ድንጋይ ላይ ወደቀ፣ በቅሎ ጣለችው፣ ሌላም ሌላም፤ ግን የተሰበረው እንጨቱ ነው፣ ቅጠሉ አልተነካም። ገበታው ጋሻ ነበር ማለት ነው።

እስካሁን ያየነው መከላከያውን ባለቤቱ ራሱ የሚሠራበትን ዘመን ነው። መንግሥታት የፖስታ ሥራን በእጃቸው ካስገቡ በኋላ ግን የዋጋው ጥያቄ ይነሣል። ከ1840 በፊት በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ክፍያ የሚሰላው በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ነበር። አንድ ወረቀት አንድ ዋጋ፣ ሁለት ወረቀት ሁለት እጥፍ። ፖስታው፣ ማለት ደብዳቤውን የሚሸፍነው ወረቀት፣ እንደ ሁለተኛ ወረቀት ይቆጠራል! ፖስታ ቤቱ ውስጥ ያለው ጸሐፊ ደብዳቤውን በብርሃን ፊት አቅንቶ በውስጡ የተሸሸገ ሌላ ወረቀት እንዳለ ይመረምራል። ከለንደን ወደ ኤዲንበርግ አንድ ወረቀት ብቻ ከአንድ ሽልንግ በላይ ያስከፍል ነበር። እንግዲህ ድሀው ምን ያድርግ? ደብዳቤውን ራሱን አጣጥፎ፣ ራሱን ፖስታ አድርጎ፣ በሰም አትሞ ይልከዋል። በዚያ ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎች በየእጥፋታቸው መስመር ላይ ተበልተው የምናያቸው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በሌላ አነጋገር፣ ራስን ከጉዳት መጠበቅ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር ማለት ነው።

ሮውላንድ ሂል ያቀረበው ማሻሻያ ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ከጥር 1840 ጀምሮ ክፍያው በወረቀት ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በክብደት ሆነ፤ ግማሽ አውንስ፣ ይኸውም 14 ግራም ያህል፣ በአንድ ፔኒ ወደ ማንኛውም የአገሪቱ ክፍል ይደርሳል። በዚሁ ዓመት በግንቦት የመጀመሪያው ቴምብር ወጣ። ሁሉም ስለ ቴምብሩ ያወራል፤ እኛ ግን ከቴምብሩ ይልቅ ፖስታው ነጻ መውጣቱን እናደንቃለን። በ1845 ኤድዊን ሂልና ዋረን ደ ላ ሩ ፖስታ የሚያጥፍ ማሽን ፈቃድ አወጡበት፤ ሽፋን የሀብታም ነገር መሆኑ ቀረ።

ሽፋኑ በረከሰ በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ በፖስታ ውስጥ የሚገባ አዲስ ነገር መጣ፤ ፎቶግራፍ። በ1854 ፓሪስ ውስጥ ዲስዴሪ የተባለ ፎቶ አንሺ ትንንሽ ሥዕሎችን በአንድ ጊዜ የሚያነሣበትን ዘዴ አስመዘገበ። ሥዕሉ የሚታተመው በእንቁላል ነጭ በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ነው፤ ይህ ወረቀት ብቻውን ከተተወ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል። ስለዚህ 6 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጠንካራ ካርድ ላይ ይለጠፋል። የብራናው ገበታ በትንሹ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ አሁን ሥዕሉ ጋሻውን በጀርባው ተሸክሞ ይዞራል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861-1865) ወታደሩ ከጦር ሜዳ ወደ ቤቱ፣ ቤተሰቡም ወደ ጦር ሜዳ እነዚህን ካርዶች በፖስታ ይላላኩ ነበር። የሞተው ልጅ መልክ ዛሬ የሚታወቀው ያ ካርድ ሳይታጠፍ በመድረሱ ነው።

ግትር ነገር መሸከም በማይቻልበት ጊዜስ? ለዚህ ደግሞ የፓሪስ ከበባ (1870-1871) መልስ አለው። የፕሩሲያ ጦር ከተማይቱን ሲከብ ደብዳቤ በመሬት መግባት ተከለከለ፤ የቀረችው እርግብ ናት። እርግብ ካርቶን አትሸከምም። ዳግሮን የተባለ ፎቶ አንሺ በሺህ የሚቆጠሩ መልእክቶችን አሳንሶ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ስስ ፊልም ላይ አነሣቸው፤ ፊልሙን ጠቅልሎ በላባ አገዳ ውስጥ ከትቶ ከእርግቢቱ ጅራት ላባ ጋር አሰረው። ፓሪስ ሲደርስ በብርሃን ግድግዳ ላይ ተጥሎ፣ ጸሐፊዎች እያነበቡ ገለበጡት። ከዚህ የምንማረው፣ ማጠፍና መጠቅለል አንድ አለመሆናቸውን ነው። የታጠፈ ነገር በአንድ መስመር ላይ ጭንቀቱን ሁሉ ይሸከማል፣ እዚያው ይሰበራል። የተጠቀለለ ነገር ጭንቀቱን በመላ አካሉ ይካፈለዋል። ትልቅ ካርታ ወይም ሥዕል በቱቦ የሚላከው በዚሁ ምክንያት ነው። ያረጀና የደረቀ ፎቶ ግን ቢጠቀለልም ይሰነጠቃል፤ ለእሱ ያለው መንገድ ጠፍጣፋው ብቻ ነው።

ለጠፍጣፋው መንገድ ታላቁን መፍትሔ ያመጣው ሽንሽኑ ካርቶን ነው። አመጣጡ ያስቃል። በ1856 እንግሊዝ አገር ሄሊና አለን የተባሉ ሰዎች ወረቀትን ሸንሽነው ለባርኔጣ ውስጥ ማጠንከሪያ አደረጉት። በ1871 አልበርት ጆንስ የተባለ የኒውዮርክ ሰው ጠርሙስና የፋኖስ ብርጭቆ ጠቀለለበት። በ1874 ኦሊቨር ሎንግ በሽንሽኑ ላይ ልሙጥ ወረቀት ለጠፈበት፤ የዛሬው ካርቶን ተወለደ። የዚህን ጥንካሬ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የቆርቆሮ ጣሪያን ማየት ይበቃል። ቆርቆሮ በማዕበሉ አቅጣጫ በቀላሉ ይጠቀለላል፣ ማዕበሉን አቋርጠህ ላጥፍህ ብትለው ግን እምቢ ይላል። ካርቶንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሁለት ካርቶኖችን ስናደርብ የአንዱ ሽንሽን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ጎን ከሆነ የአንዱን ድካም ሌላው ይሸፍንለታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለካርቶንም ሳይሠራ አይቀርም። ውፍረትም ትልቅ ዋጋ አለው፤ የአንድ ወጥ ሰሌዳ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ላለመታጠፍ ያለው ጉልበት ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል።

በአገራችን ዘመናዊ ፖስታ የተመሠረተው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 (1886 ዓ.ም.) ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ። ከዚያ በፊትም በኋላም መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ቆንጥጦ ይሮጥ ነበር፤ የእጁ ላብ አይነካውም፣ ኪሱ ውስጥ አይጨማደድም፤ ቀላል ግን ብልህ ዘዴ! ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ሲሆን፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 ደረሰ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ብዙ ወገን በየአገሩ ሲበተን፣ የእናት ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ በዚሁ ፖስታ መመላለስ ጀመረ። በአንድ ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ፎቶ አንዳንድ ጊዜ የዚያ ቤት ታሪክ በሙሉ ናት፤ ቅጂ የላትም፣ ነጌቲቭ የላትም።

ዛሬ ሥዕል በስልክ በቅጽበት ይላካል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዋናው የምስክር ወረቀት፣ አሮጌው ፎቶ፣ ቴምብሩ አሁንም በአካል ይሄዳል። መንገዱም ከበቅሎው ዘመን የቀለለ አይምሰለን። በትልልቅ አገሮች ደብዳቤ የሚለየው በሰዓት ከ30,000 በላይ በሚያሳልፍ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደብዳቤውን በቀበቶ እየጎተተ በተሽከርካሪዎች ዙሪያ ያጥፈዋል። ግትር ነገር እዚያ ውስጥ ከገባ ወይ ይሰበራል ወይ ማሽኑን ያግዳል። ለዚህም የአሜሪካ ፖስታ ቤት በማሽን ለማያልፍ ግትር ደብዳቤ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። አየን አይደል? ከ1840 በፊት የነበረው ጥያቄ ልብሱን ለውጦ መጣ፤ ራስን መጠበቅ ዛሬም ይከፈልበታል። እኛ የምንለው፣ ክፍያው ይከፈል ነው። በስስ ፖስታ አጭበርብሮ ካርቶን ከመላክ፣ ዋጋውን ከፍሎ በአደራ ደብዳቤ ማስመዝገብ ይሻላል።

ታሪኩ ያስተማረንን ወደ ሥራ እንለውጠው። ከሁሉ በፊት ፎቶው ቅጂ ይነሣለት፤ የጠፋን ነገር ካርቶን አይመልሰውም። ቀጥሎ በንጹሕ ልሙጥ ወረቀት ይጠቅለል፤ አሮጌ ፎቶ በቀጥታ ላስቲክ ከነካው በእርጥበት ጊዜ ሊጣበቅበት ይችላል። ከውጭ ግን ላስቲክ ያስፈልገዋል፣ ዝናብ አለና። ከዚያ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፎቶው የሚሰፉ ሁለት ካርቶኖች ይቆረጡ፤ ማእዘን ነው ቀድሞ የሚመታው፣ ስለዚህ የሚመታው የካርቶኑ ማእዘን ይሁን። ፎቶው በመካከላቸው እንዳይንሸራተት ከወረቀት በታጠፉ አራት የማእዘን ኪሶች ይያዝ። አግራፍ፣ ማስቲሽ፣ ፕላስተር ፎቶውን ፈጽሞ አይንኩት፤ ፕላስተሩ ካርቶኑን ከካርቶን ጋር ብቻ ያያይዝ። ፖስታውም ልኩ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ ውስጡ ይንከላወሳል፣ ጠባብ ከሆነ ጎኑ ይተረተራል። አድራሻው የሚጻፈው ፖስታው ባዶ ሳለ ነው፤ የእስክሪብቶ ጫና ታች ድረስ ይወርዳልና። ተቀባዩ የፖስታ ሣጥን ካለው የሣጥኑ ስፋት አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተገፍቶ ከሚገባ ከመስኮት ቢረከበው ይሻላል። «አይታጠፍ» ብሎ በትልቁ መጻፍ ደግ ነው፤ ሆኖም ጽሕፈት ካርቶንን አይተካም። የመለያ ማሽን እንዲህ ላለው ማስጠንቀቂያ ደንታ የለውም።

አንድ መራራ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ግን ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። የብራና መጽሐፍ ከነገበታው በካርቶን ፖስታ አይገባም። ነጠላ ቅጠል ግን ይገባል። የግዕዝ መጻሕፍት ቅጠላቸው እየተገነጠለ፣ ሥዕሉ እየተቆረጠ በውጭ ገበያ አንድ በአንድ ሲሸጥ ታይቷል። ያ ቅጠል ለመቶ ዓመታት ሁለት ገበታ ይዞት ነበር፤ አሁን ሁለት ካርቶን ይዞት ይሄዳል። ሳይታጠፍ ይደርሳል፣ ማእዘኑ እንኳ አይነካም፤ መጽሐፉ ግን ፈርሷል። እንግዲህ ማሸግ የእጅ ሙያ ብቻ አይደለም። ምን እንደሚታሸግ፣ የማን እንደሆነና ከምን እንደተለየ መጠየቅም የአያያዝ ክፍል ነው። በአገራችን «አደራ» የሚለው ቃል ለዕቃውም ለባለቤቱም የሚቆመው በከንቱ አይደለም።

የመጨረሻው ምክራችን ከናግ ሐማዲው ጠራዥ የተወሰደ ነው። ፎቶ የሚልክ ሰው፣ ፎቶው ከመግባቱ በፊት በውስጠኛው ካርቶን ላይ በእርሳስ ይጻፍ፤ በፎቶው ላይ ያሉት እነማን ናቸው፣ የት ተነሡ፣ መቼ ተነሡ፣ ከማን ለማን ተላከ። የሚቀበለውም ሰው ካርቶኑን ለእሳት አይስጠው፤ ከፎቶው ጋር ያስቀምጠው። ከ50 ዓመት በኋላ በፎቶው ላይ ያለችውን ሴት ስም የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ፣ ስሟን የሚናገርላት ያ ተራ ካርቶን ሊሆን ይችላል።